የመጸዳጃ ቤት ታሪክ፤ ቦይ ላልደረሰለት ሕዝብ አፈር የዋለው ውለታ
(በራዲዮ የተላለፈ ንግግር)

ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ነገር በጨዋ ሸንጎ የማይነሣ፣ በማዕድ ፊት የማይጠራ፣ ነገር ግን ሰው ሁሉ በየቀኑ ሳያደርገው የማይውል ነገር ነው። ይኸውም የመጸዳጃ ቤት ታሪክ ነው። አባቶቻችን ስሙን በቀጥታ መጥራት ስለ ከበዳቸው «ወደ ሜዳ መውጣት» እያሉ በጨዋ ቃል ይሸፍኑት ነበር። ጨዋነቱ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ እኛ አፍረን ዝም ባልን ቍጥር ዋጋውን የሚከፍሉት ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ለዛሬ ያህል ኀፍረቱን ጥቂት ወደ ኋላ አድርገን፣ ነገሩን በታሪክ ዐይን ብንመለከተው የሚነቀፍ አይመስለኝም።

የሰው ልጅ ከሰውነቱ የሚወጣውን እድፍ ለማስወገድ እስከ ዛሬ የያዛቸው መንገዶች ብዙ ቢመስሉም፣ ተጠቃለው ሲታዩ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ትቶ መሄድ፣ ሁለተኛው በውሃ መግፋት፣ ሦስተኛው ለአፈር መመለስ ነው። የመጀመሪያው ሰው ሲበዛ አያዋጣም፤ ሁለተኛው ብዙ ገንዘብና ብዙ ውሃ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ግን የድኻ ቤተ ሰብ እንኳ በእጁ ሊሠራው የሚችል ነው። የፍሳሽ ቦይ እስኪዘረጋለት ድረስ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ያለበት ሕዝብ እንደሌለ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። በዚህ ንግግር የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ በአብዛኛው በራሳችን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

አስቀድሞ ግን ነገሩ የንጽሕና ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ከታመመ ሰው በሚወጣ ዐይነ ምድር ውስጥ ኮሌራን፣ የአንጀት ተስቦንና ልዩ ልዩ የተቅማጥ በሽታዎችን የሚያመጡ ተሐዋስያን፣ እንዲሁም የወስፋት ዕንቍላል ይገኛሉ። እድፉ በሜዳ ላይ ተገልጦ ሲቀር ዝንብ ያርፍበትና ወደ እንጀራው ይበራል፤ ዝናብ ያጥበውና ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ ሕፃን በእጁ ይነካውና ወደ አፉ ያደርሰዋል። ሌላም በዝምታ የሚታለፍ መከራ አለ። መጸዳጃ በሌለበት ስፍራ ሴቶችና ልጃገረዶች ቀኑን ሙሉ ራሳቸውን አግተው ይውሉና፣ ሲመሽ በጨለማ ወደ ጫካና ወደ ገደል ዳር ለመውጣት ይገደዳሉ። የሚያገኛቸው አደጋም ከበሽታ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ትቶ መሄድ ያልሁት የመጀመሪያው መንገድ ከሁሉ የቀደመ ነው። ሰው ጥቂት፣ ምድርም ሰፊ በነበረበት ዘመን ከሰፈር ራቅ ብሎ መጸዳዳት ብዙ ጕዳት አልነበረውም፤ ፀሓይና አፈር ሥራቸውን ይሠሩ ነበርና። ሆኖም ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ ሲሰፍር አደጋው እንደሚጠና የጥንት ሰዎችም ያውቁ ነበር። በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ሕግ ለዚህ ምስክር ነው። ለጦርነት የወጣ ሰው ከሰፈር ውጭ የተለየ ቦታ እንዲኖረው፣ መቈፈሪያም ይዞ እንዲወጣና የወጣውን በአፈር እንዲከድን ያዝዛል። ከአፈር በታች የሚደረግ መጸዳጃ መሠረቱ በዚህ አጭር ትእዛዝ ውስጥ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአገራችንም ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን መናገሻቸውን በአንድ ስፍራ ሳያጸኑ፣ ከነሠራዊታቸው በድንኳን ከአገር ወደ አገር ይዘዋወሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ሰፈሩ የሚነሣው ማገዶና ስንቅ ሲያልቅ፣ የጦርም ጉዳይ ሲያስገድድ ነበር፤ ነገር ግን ሳይታሰብም ቢሆን እድፉን ለፀሓይና ለዝናብ ትቶ መሄጃ ሆኖ ያገለግል ነበር። በ1858 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ዳር ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበትና ሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወረ። ሰፈር መልቀቅ ለጊዜው የተገኘ መድኃኒት ነበረ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ግን መናገሻው በአንድ ስፍራ ጸና፤ ቤቱም በድንጋይ ተሠራ። ከዚያ ወዲያ ሕዝብ እድፉን ትቶ የሚሄድበት ዘመን አበቃ፤ የአብዛኛውም ነዋሪ መጸዳጃ ለብዙ ዘመን በግቢው የተቈፈረ ጕድጓድ ሆነ።

አሁን ደግሞ በውሃ መግፋት ወደተባለው ወደ ሁለተኛው መንገድ እንለፍ። ይህ መንገድ ስሙን ያገኘው በለንደን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ጆርጅ ጄኒንግስ የተባለ ባለሙያ በውሃ የሚታጠብ መጸዳጃ ለሕዝብ አሳየ። ሀብታሞችም ይህን አዲስ ነገር እየገዙ በየቤታቸው አስገቡ። ነገር ግን ውሃው እድፉን ከቤት አወጣው እንጂ አላጠፋውም፤ ወደ ጕድጓድና ወደ ቦይ፣ ከቦይም ወደ ቴምዝ ወንዝ ወሰደው። ከቴምዝ ደግሞ ብዙው ሕዝብ ይጠጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1854 ሶሆ በተባለው የለንደን ሰፈር ኮሌራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 የማያንሱ ሰዎችን ፈጀ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ እየቈጠረ በካርታ ላይ ቢያሰፍረው፣ አብዛኞቹ በብሮድ መንገድ ካለው የውሃ መቅጃ ይጠጡ የነበሩ ሆነው ተገኙ። በዚያን ጊዜ በሽታው በመጥፎ አየር ይተላለፋል ተብሎ ይታመን ነበርና ብዙ ሰው አልተቀበለውም። ሆኖም በምክሩ መሠረት የመቅጃው እጀታ ተነቀለ። በኋላም ሲመረመር፣ ከውሃው ጕድጓድ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የእድፍ ጕድጓድ ተገኘ፤ ግንቡም አርጅቶ ወደ መጠጡ ውሃ ያሰርግ ነበር። ይህን ነገር አድማጮች በልባቸው እንዲይዙት እለምናለሁ፤ መጸዳጃ መቈፈር ብቻውን አያድንም፤ የት እንደሚቈፈርም ማወቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1858 በበጋው ሙቀት የቴምዝ ወንዝ ግማት እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ በወንዙ ዳር ያለው የእንግሊዝ ፓርላማ ሥራውን ለመሥራት ተቸገረ። የመስኮቶቹ መጋረጃዎች በኖራ መድኃኒት ተነክረው ተሰቀሉ። የድኾችን ሞት ለዓመታት ሲሰማ ያልተነሣሣው ምክር ቤት ግማቱ ራሱን ሲደርስበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕግ አወጣ፤ ገንዘብም ፈቀደ። ጆሴፍ ባዛልጌት የተባለው መሐንዲስም 132 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን ታላላቅ የመሬት ውስጥ ቦዮች ዘርግቶ እድፉን ከከተማው በታች ወደ ምሥራቅ ወሰደው። ለንደን ከኮሌራ ዳነች፤ ይህም ታላቅ ሥራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ይህን ሊያደርግ የቻለው በዚያን ዘመን በሀብት ከዓለም አንደኛ የነበረው ከተማ ነው። ዛሬም ቢሆን አንድ ሰው በዓመት የሚያወጣውን 50 ሊትር ያህል ዐይነ ምድርና 500 ሊትር ያህል ሽንት በውሃ ለመግፋት በግምት 15,000 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይፈስሳል። ውሃ በእንስራ ከሩቅ ለሚቀዳ ቤተ ሰብ ይህ መንገድ እንደማይሆን መናገር አያሻም።

ለንደን ስለ ቦይ በምትከራከርበት በዚያው ዘመን፣ ሦስተኛውን መንገድ በአንዲት አነስተኛ ስፍራ የፈለገ አንድ የገጠር ቄስ ነበረ። ሄንሪ ሙል ይባላል፤ በደቡብ እንግሊዝ በዶርሴት አውራጃ ፎርዲንግተን የተባለ ሰበካ ያገለግል ነበር። በሰበካው ድኾች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰፈር ኮሌራ ሁለት ጊዜ ገባ፤ አንደኛው በ1849፣ ሁለተኛው በ1854 ነበር። ቄሱ ሕሙማንን ከመጐብኘትና ሙታንን ከመቅበር አልፎ፣ የመንደሩ መሬት ንጉሣዊ ርስት ነበርና የርስቱን ጉዳይ ይመለከት ለነበረው ለንግሥት ቪክቶሪያ ባል ለልዑል አልበርት የድኾቹን ኑሮ የሚገልጡ ደብዳቤዎች ጻፈ።

ከዚህም በኋላ ከራሱ ቤት ጀመረ። በ1859 የራሱን የእድፍ ጕድጓድ ደፈነና ቤተ ሰቡ በባልዲ እንዲገለገል አደረገ፤ በባልዲው የተጠራቀመውንም በጓሮው ውስጥ በአፈር ይቀብር ጀመር። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ቈፍሮ ቢመለከት የቀበረው ነገር ምልክቱ እንኳ አልተገኘም። ደረቅ አፈር እድፉን ሽታ አሳጥቶ ወደ ራሱ መለወጡን ሲረዳ በጣም ተደነቀ። እንዲያውም ያው አፈር ደርቆ ተነፍቶ እስከ አምስት ጊዜ ተመልሶ ሊያገለግል እንደሚችል አገኘ። በ1860 ከመቀመጫው ጀርባ የአፈር ሣጥን ያለበት፣ እጀታው ሲሳብ የተመጠነ ደረቅ አፈር የሚያፈስስ መጸዳጃ ሠርቶ ከአንድ ባልደረባው ጋር የፈጠራ መብት ተቀበለበት።

ስለ ጥቅሙም እንዲህ ተፈተነ። አንድ ገበሬ የእርሻውን እኩሌታ አምስት ጊዜ ባገለገለው አፈር፣ እኩሌታውን ደግሞ በፋብሪካ በተሠራ የፎስፌት ማዳበሪያ አዳብሮ፣ በሁለቱም ላይ የከብት ቀለብ የሚሆን የሥር ተክል ዘራ። በአፈሩ የዳበረው ተክል ከሌላው በሲሦ ያህል በልጦ ተገኘ። እንግዲህ ከተማው በብዙ ወጪ ወደ ባሕር የሚጥለው ነገር የእርሻ ሀብት መሆኑ በዚህ ታወቀ። ይህንስ የሩቅ ምሥራቅ ሕዝቦች ቀድሞውኑ ያውቁት ነበር። ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ገበሬዎች የከተማውን እድፍ በአትክልትና በገንዘብ እየገዙ ወደ እርሻቸው ይወስዱ ነበር። ሆኖም ሳይበሰብስና ሳይቈይ የተጨመረ እድፍ የወስፋትን በሽታ ከእርሻ ወደ ገበታ ይመልሳልና፣ ጥቅሙን ከጕዳቱ መለየት ገና የሚቀር ሥራ ነበር።

የሙል መጸዳጃ በትምህርት ቤቶችና በወታደሮች ሰፈር በሥራ ላይ ውሎ ተመሰገነ። ኋላ ግን በትልልቅ ከተሞች የቧንቧ ውሃ ሲስፋፋ ተረሳ፤ በከተማ ውስጥ ደረቅ አፈር ማመላለስ ከባድ ሸክም ነበርና። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው በውሃ የሚታጠበውን መጸዳጃ የሥልጣኔ፣ የአፈሩን ደግሞ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ማየት ለመደ። ይህ አስተሳሰብ ቦይ ለሌላቸው አገሮች ትልቅ ጕዳት ሆነባቸው፤ የማይደርሱበትን ሲመኙ በእጃቸው ያለውን ናቁ።

ሐሳቡን ከተረሳበት ያነሡት በየአገሩ ችግር ያስገደዳቸው ሰዎች ናቸው። በስዊድን አገር ሪካርድ ሊንድስትረም የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት በባልቲክ ባሕር ዳር ባለው ቤቱ እድፍንና የወጥ ቤት ትራፊን በአንድነት አብስሎ ወደ አፈር የሚለውጥ፣ መሬቱ አዘቅዝቆ የተሠራ ሣጥን አበጀ። ይህ በሀብታም አገር ለአንድ ቤት የተሠራ ነው። ለድኻ ገበሬ ይሆን ዘንድ የተሠራው ግን በእስያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1956 የሰሜን ቬትናም ባለ ሥልጣኖች ገበሬው ሁሉ ባለ ሁለት ክፍል መጸዳጃ እንዲሠራ ሰፊ ዘመቻ ጀመሩ። ክፍሎቹ ከመሬት በላይ ስለሚገነቡ ውሃ ቅርብ በሆነበት ረግረጋማ አገርም ይስማማሉ። ሽንቱ በፊት ለፊት ባለ መውረጃ ወደ ማድጋ ይፈስሳል፤ ዐይነ ምድሩ ብቻውን ወደ ክፍሉ ይወርድና በየጊዜው አመድ ይነሰነስበታል። አንዱ ክፍል ሲሞላ በአፈር ተከድኖ ይታሸግና ሁለተኛው ይከፈታል። እርጥበቱ ሲቀነስና አመዱ ሲጨመር ሽታውም ዝንቡም ይቀራል፤ የታሸገውም ከቈየ በኋላ ማዳበሪያ ይሆናል። ነገር ግን የእርሻ ወራት ሲደርስ ጊዜውን ሳይጠብቁ ክፍሉን የሚከፍቱ ገበሬዎች ብዙዎች ነበሩ፤ በኋላ በተደረገው ምርመራም የወስፋት ዕንቍላል በሕይወቱ ተገኘ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ አፈር ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን ጊዜ ይሻል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ እድፉ በሙቅ አገር ከአንድ ዓመት በላይ፣ በቀዝቃዛ አገር ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት እንዲቈይ ይመክራል።

ከእስያ ወደ አፍሪካ ስንመለስ የምናገኘው ትልቁ ፈተና ዝንብ ነው። ተራውን የጕድጓድ መጸዳጃ ሰው እየጠላው ወደ ሜዳ የሚወጣው ስለ ሽታውና ስለ ዝንቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር በብሌር የምርምር ቤት ይሠራ የነበረው ፒተር ሞርጋን ይህን መላ አገኘለት። ቤቱ በር የሌለው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ ይሆናል፤ ውስጡ ይጨልማል። ከጕድጓዱ አንድ ረጅም ቱቦ ከጣራው በላይ ይወጣል፤ አፉም በወንፊት ይከደናል። ነፋስ በቱቦው አፍ ላይ ሲያልፍ የጕድጓዱን አየር ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሽታው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ዝንብ ደግሞ ብርሃን ስለሚወድ ከጨለማው ጕድጓድ ወደ ቱቦው ብርሃን ይወጣና በወንፊቱ ተይዞ ይሞታል። ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለት ጕድጓዶችን ጐን ለጐን አድርጎ በ78 ቀን ውስጥ የሚወጡትን ዝንቦች ቢቈጥር፣ ቱቦ ከሌለው 13,953፣ ቱቦ ካለው ደግሞ 146 ብቻ ሆነው ተገኙ። የሚንቀሳቀስ መኪና፣ የሚገዛ መድኃኒት፣ የሚፈስስ ውሃ የለውም፤ የሚሠራው በነፋስና በብርሃን ብቻ ነው።

በጎረቤቷ በሞዛምቢክ ደግሞ ከነፃነት በኋላ ችግሩ የብረት እጦት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በተያዘው ሥራ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ መካከሉ እንደ ጕልላት ከፍ ያለ ክብ የሲሚንቶ ክዳን ያለ ብረት ተሠራ፤ ቅርጹ ራሱ ክብደቱን ይሸከማልና። የሰው ጭቃ ቤት በእንጨት ርብራብ ላይ ተሠርቶ ሲበሰብስ ልጅ የሚገባበትን ጕድጓድ ያየ ሰው፣ የማይበሰብስና የሚታጠብ ክዳን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይረዳል።

በህንድ አገር ጉዳዩ ሌላ መልክ ነበረው። በዚያ አገር ከዝቅተኛው መደብ የተወለዱ ሰዎች የሌላውን ሰው እድፍ ከየቤቱ ጠርገው በቅርጫትና በባልዲ ተሸክመው እንዲያወጡ ይገደዱ ነበር። ለዚህም ሥራቸው እንደ ርኩስ ተቈጥረው ከማዕድ፣ ከቤተ መቅደስና ከውሃ መቅጃ ይገለሉ ነበር። ቢንደሽዋር ፓታክ የተባለው ከከፍተኛው ከብራህሚን መደብ የተወለደ ሰው ከነርሱ መካከል ሄዶ ኑሮአቸውን ካየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በቢሃር ክፍለ አገር ሱላብ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። እርሱ ያስፋፋው መጸዳጃ ሁለት ጕድጓዶች አሉት፤ የሚታጠበውም በአንድ ሊትር ወይም በአንድ ሊትር ተኩል ውሃ ነው። አንደኛው ሲሞላ ፍሳሹ ወደ ሁለተኛው ይዞራል፤ የሞላውም ዐርፎ ሽታ የሌለው ደረቅ አፈር ይሆናል። እንግዲህ እድፍን ትኩስ ሳለ የሚሸከም ሰው አያስፈልግም። የህንድ መንግሥትም ይህን የሸክም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ2013 ባወጣቸው ሕጎች ከለከለ። ሕጉ ልማዱን በአንድ ጊዜ ባያጠፋውም፣ አንድ ተራ ጕድጓድ የሰውን ክብር ለመመለስ ምን ያህል እንደሚረዳ ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ከጤና መኰንኖችና ከነርሶች ጋር የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችም እንዲሠለጥኑ ተደርጓል። በሽታን በሐኪም ቤት ከመጠበቅ ይልቅ በየመንደሩ ሄዶ ምንጭን ማጐልበትና የመጸዳጃ ጕድጓድን ማስቈፈር እንደሚሻል የተማሩ እነዚያ ወጣቶች ለብዙ ሥራ መሠረት ጥለዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞችን እያሰማራ ትምህርቱን እስከ ጓዳ አደረሰው። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንደ ዘገቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶው ኢትዮጵያዊ 92ቱ በሜዳ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 ግን ይህ ቍጥር ወደ 29 ወረደ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተደረገውም በአብዛኛው በገበሬው አካፋና ዶማ ነው።

ከነዚህ ሥራዎች መካከል ለአገራችን ገበሬ ጠባይ የሚስማማ አንድ ዐይነት አለ። ይህም ያው ፒተር ሞርጋን ያስፋፋውና በኢትዮጵያም የተራድኦ ድርጅቶች ለብዙ ሺህ ቤተ ሰቦች ያስተማሩት፣ አርቦርሉ የሚባለው የዛፍ መጸዳጃ ነው። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ጕድጓድ ይቈፈራል። በላዩ የሚነሣ የሲሚንቶ ክዳንና ከእንጨት ከሣር የተሠራ ቀላል ጐጆ ይቀመጥበታል። በተጸዳዱ ቍጥር ጥቂት አፈር፣ አመድና ደረቅ ቅጠል ይጨመርበታል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ሲሞላ ክዳኑና ጐጆው ወደ ሌላ ጕድጓድ ይዛወራል፤ የሞላው በወፍራም አፈር ተደፍኖ ዛፍ ይተከልበታል፤ ፓፓያ ወይም ሙዝ፣ ማንጎ ወይም አቮካዶ ሊሆን ይችላል። እድፉን በእጁ የሚነካ፣ ከጕድጓዱም የሚያወጣ ሰው የለም። በገንዘብ የሚገዛው ክዳኑ ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአምስት እጅ የወንዝ አሸዋ ተለውሶ በጥቂት ሽቦ የሚሠራ ሲሆን ለብዙ ጕድጓዶች ያገለግላል። ቤተ ሰቡ ጕድጓድ በለወጠ ቍጥር አንድ ዛፍ ያተርፋል። የከብቱን ፍግ በየማለዳው ወደ እንሰቱ ጓሮ የሚያወጣ ገበሬ የዚህን ነገር ምሥጢር ለመረዳት ብዙ ትምህርት የሚያሻው አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ የታሪኩን ሌላ ገጽታ ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። በየአገሩ በዘመቻ የተቈፈሩ ብዙ መጸዳጃዎች ከአንድ ክረምት በኋላ ፈርሰዋል፤ አንዳንዶቹም የእህል ወይም የማገዶ ማስቀመጫ ሆነዋል። ጎብኚ ሲመጣ የሚታዩ፣ ጎብኚው ሲሄድ የሚዘጉም ነበሩ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ባለቤቱ የሠራው ለራሱ ሳይሆን ለአዛዡ ስለ ነበረ ነው። ፎርዲንግተን ላይ ቄሱ ከራሱ ቤት መጀመሩ፣ ፓታክ ከተገለሉት ሰዎች ጋር መኖሩ፣ ሞርጋን ዝንብ እየቈጠረ ለገበሬው ዐይን ማሳየቱ በከንቱ አልነበረም። በቍጥር መዝገብ ላይ የሰፈረ ጕድጓድ ሕፃንን አያድንም፤ የሚያድነው ሌሊት በዝናብ እንኳ ቤተ ሰቡ የሚሄድበት፣ እናት ልጅዋን ያለ ፍርሃት የምትልክበት ነው።

ደግሞም አንድ ዐይነት መጸዳጃ ለአገር ሁሉ አይበጅም። ውሃ ቅርብ በሆነበትና ዐለት በበዛበት ስፍራ ከመሬት በላይ የሚሠራው፣ አፈሩ ጥልቅ በሆነበት ባለ ቱቦው፣ ጓሮው ሰፊ በሆነበት የዛፉ ይመረጣል። ቤት ከቤት በተጣበቀበት የከተማ ሰፈር ደግሞ ጕድጓድ መቀያየሪያ ቦታ ስለማይኖር፣ እድፉን በጥንቃቄ ሰብስቦ ወደ ማብሰያ ስፍራ የሚያደርስ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ይህን ሸክም ለነዋሪው ብቻ መተው ፍትሕ አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2010 ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ የሰው ልጅ መብት መሆኑን በውሳኔ አጽድቋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 419 ሚሊዮን ሕዝብ ገና በሜዳ ይጸዳዳ እንደ ነበር ተዘግቧል። መብቱ በወረቀት ላይ የሰፈረ ቢሆንም በአፈር ላይ ገና አልሰፈረም።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር በአብዛኛው በእጃችን ነው። ከምድጃ የሚጠረገውን አመድ ከመድፋት ይልቅ በደረቅ ዕቃ ማጠራቀም፣ ከውሃ ጕድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውሃውም በታች በኩል ቦታ መምረጥ፣ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን አንድ ጣሳ ውሃና ሳሙና ወይም አመድ ከበሩ አጠገብ ማኖር፣ ይህ ሁሉ ከማንም ቤት ዐቅም በላይ አይደለም። ጕድጓዱም የሚቈፈረው ምድሩ ሳይርስ በበጋው ወራት ነውና፣ ሥራው እስከሚመጣው ክረምት ድረስ ቢጠናቀቅ ዝናቡ እድፉን ወደ ምንጫችን ከማውረዱ በፊት አፈር ይቀድመዋል።